ፊርማና ናሙናው
በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የእጅ ጽሑፍ እንዴት እንደሚታመን የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ጽሑፍን ከቃል አብልጦ ያከብራል። ነገር ግን በጽሑፍ ያለው የሚወረሰው ከግርጌው የፈረመው ሰው በእውነት እርሱ መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቀው ማን ነው? የሚያውቀውስ ምን አይቶ ነው? የዚህ ጥናት መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። በዕረፍት ወራት ወደ ጅማ አገር በወረድንበት ጊዜ ከቡና ከተሞቹ በአንዲቱ፥ በአንድ ባንክ መስኮት አጠገብ ተራ ስንጠብቅ፥ ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። የሸጡት የጀንፈል ዋጋ በሒሳባቸው ገብቶላቸው ከዚያው ላይ ሊያወጡ መምጣታቸው ነው። ጸሐፊው ወረቀቱንና ከሣጥን ያወጣውን ካርድ እያስተያየ ሦስት ጊዜ አስፈረማቸው። በመጨረሻም «አባባ፥ አልተመሳሰለም፤ እንደ ፊተኛው አድርገው ይፈርሙልኝ» አላቸው። ሽማግሌውም «ልጄ፥ የፊተኛውን ማን ያስታውሰዋል? ያን ጊዜ እጄም ዓይኔም ሌላ ነበር» ብለው መለሱ። በዚያ ቀን ነገሩ ያለቀው በፊርማው ሳይሆን፥ የሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች ተጠርተው ስለ መሰከሩላቸው ነው።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። በእጁ የነበረው ግን ከብዙ ዓመት በፊት የተፈረመ አንድ ናሙና ብቻ ነበር። ከዚህ እንደምናሳየው ፊርማን የሚመረምር ሁሉ፥ ሰውም ይሁን ዛሬ በሰው ፈንታ የሚቆመው ኮምፒዩተር፥ ፍርዱ የሚቃናው ወይም የሚጣመመው አስቀድሞ ባየው ናሙና ብዛትና ዓይነት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሌላ ምልክት ካላደረግንበት በቀር የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከማኅተም ወደ ፊርማ

«ማኅተም» ከግዕዝ የመጣ የቆየ ቃል ሲሆን፥ «ፊርማ» ግን ከጣልያንኛ የተወሰደ ነው። የቃሎቹ ዕድሜ የነገሩን ታሪክ ያሳያል። በቀድሞ ዘመን የነገሥታቱ ደብዳቤ የሚጸናው በእጅ ጽሑፋቸው አልነበረም፤ ደብዳቤውን የሚጽፈው ጸሐፊ ነበርና የንጉሡን ቃል የሚያረጋግጠው ማኅተሙ ነበር። ማኅተም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የዛሬው ከትናንቱ አይለይም። ስለዚህ ማኅተምን ለማመሳከር አንድ እውነተኛ ቅጂ ማየት ይበቃ ነበር፤ የሚያሰጋው የቅርጹ መለዋወጥ ሳይሆን ማኅተሙ በማን እጅ መግባቱ ነው።

በጅማ ደግሞ መተማመኛው ሌላ መልክ ነበረው። ሞቲ አባ ጅፋር 2ኛ ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ጅማን በገዙበት ዘመን፥ የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉት ገበያዎች ሁሉ የታወቀ ነበር። ለዐፄ ምኒልክ በመገበራቸውም አገሩ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ፤ ይህ ነጻነት የቀረው በ1924 ዓ.ም. ነው። ከሊሙ፥ ከጎማና ከጌራ የሚመጣው ነጋዴ በዚህ ገበያ የሚገበያየው በፊት ለፊት ነበር። ዕዳ የሚጸናው በዋስና በምስክር ነው። ጽሑፍ አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም፤ የእስልምና ሊቃውንት በዐረብኛ ይጽፉ ነበር፤ ኦሮምኛንም በዐረብኛ ፊደል የመጻፍ ልማድ በጅማ ነበር። ሆኖም የገበያውን ሕዝብ እርስ በርሱ የሚያስተማምነው ብዕር ሳይሆን መተዋወቅ ነበር። ዋስ የሚሆነው ሰው ባለዕዳውን አንድ ቀን ብቻ ያየው ሳይሆን በክረምትና በበጋ፥ በሰርግና በልቅሶ ያየው ነበር። በዛሬ ቋንቋ እንናገር ብንል፥ ዋሱ ስለ ሰውየው ብዙ ናሙና ነበረው።

የባንክ መምጣትና የናሙናው ካርድ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ የአቢሲንያ ባንክ ሥራውን የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ነው። እርሱም በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። በ1956 ዓ.ም. ይኸው ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆኑ። በዚሁ ዘመን ቡና ከአገር ከሚወጣው ሸቀጥ የመጀመሪያውን ስፍራ ይዞ ስለ ነበር፥ በ1950 ዓ.ም. ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቋመ። ከገበሬው የሚገዛው ሰብሳቢ፥ ከሰብሳቢው ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው አቅራቢ፥ ከዚያም ወደ ውጭ አገር የሚሸጠው ላኪ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ ገንዘብ የሚቀባበሉበት ጊዜ መጣ። በአጋሮ የተለቀመ ቡና ዋጋው አዲስ አበባ ላይ ሲቈረጥ፥ ዋስና ጎረቤት ሊደርሱበት አይችሉም። በእነርሱ ፈንታ ፊርማ ቆመ።

ሕጉም ይህን አጸና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ያዛል። በአንቀጽ 1728 ደግሞ መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራውን ሊያደርግ እንደሚችል፥ ነገር ግን ይህ አሻራ የሚያስገድደው ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት የተረጋገጠ እንደ ሆነ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ጥንቃቄ ለቡና አገር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቡናው ገና በአበባ ሳለ ገንዘብ የሚበደር ገበሬ ማንበብ በማይችለው ወረቀት ላይ ጣቱን አሳርፎ ምርቱን ሊያጣ ይችላልና።

ባንኮች ደግሞ ደንበኛው ሒሳብ በሚከፍትበት ቀን ፊርማውን በካርድ ላይ አስፈርመው ማስቀመጥን ልማድ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቼክና የገንዘብ ማውጫ ሁሉ ከዚህ ካርድ ጋር ይመሳከራል። ይህ አሠራር ፊርማን እንደ ማኅተም የሚያይ ነው፤ አንድ ጊዜ የታየው ሁልጊዜ ያው ይሆናል ብሎ ይገምታልና። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እጅ የተማረበት ዘመን

የሰው ፊርማ ከተማረበት ፊደልና ከተማረበት መንገድ ይወለዳል። በዚህ ረገድ ጅማ የተለየ ታሪክ አላት።

አስቀድመን የግዕዝን ፊደል እንመልከት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቁም ጽሕፈት የሚማር ደቀ መዝሙር የሚመሰገነው እጁ የመምህሩን እጅ ሲመስል ነው፤ የራሱን መልክ ማውጣት እንደ ጉድለት ይቈጠርበታል። ፊደሎቹም እየተነጣጠሉ የሚጻፉ ስለ ሆኑ ብዕሩ በየፊደሉ ከወረቀቱ ይነሣል። በአውሮፓ ግን ፊደልን እያያያዙ በፍጥነት መጻፍ የቆየ ልማድ ነው፤ የፊርማቸውም ጠባይ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ የግዕዝ ፊደል ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት ጋር ወደ ጅማ በገባ ጊዜ፥ ከእርሱ የተወለደው ፊርማ ከአውሮፓው ፊርማ በመሠረቱ የተለየ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ብዙዎቹ የቡና ገበሬዎች ብዕር የጨበጡት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ መሆኑ ነው። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኔስኮ በረዳው፥ ትምህርትን ከሥራ ጋር ባገናኘው የጎልማሶች ማስተማሪያ እቅድ፥ ከተመረጡት ስፍራዎች አንዱ የጅማና የአጋሮ የቡና አገር ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዚህ ዘመቻ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጥቷል፤ ኦሮምኛውም የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በእርሻ ሥራ የጠነከረ እጅ ፊደልን ቀስ ብሎ እየሳለ ስሙን መጻፍ ተማረ። የብዙ ሰው ፊርማ ይኸው ቀስ ተብሎ የተሳለው ስሙ ነው።

ሦስተኛው በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፥ ማለትም በቁቤ፥ እንዲጻፍ መወሰኑ ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ አያት ቁርኣን በቀሩበት በዐረብኛ ፊደል፥ አባት በዘመቻ በተማሩበት በግዕዝ፥ ልጅ በቁቤ ሲፈርሙ ማየት ይቻላል። ከዚህም አልፎ አንዱ ሰው ራሱ በወጣትነቱ በግዕዝ ፈርሞ፥ በኋላ በቁቤ ሊፈርም ይችላል። ይህ ሰው አልዋሸም፤ ዘመኑ ተለውጦ እጁም ከዘመኑ ጋር ተለውጧል። በካርዱ ላይ ያለው ናሙና ግን በተፈረመበት ቀን ላይ ቆሟል።

ከውጭ አገር የተገኘ ምስክር

አንድ ናሙና ለምን እንደማይበቃ በግልጽ የሚያሳይ የታወቀ ክርክር በአሜሪካ ተደርጎ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ሲልቪያ አን ሃውላንድ የተባሉ ባለጸጋ ሴት ሲሞቱ፥ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ የሆነችው ወራሽ በኑዛዜው ላይ ተጨማሪ ገጽ አቀረበች። ተቃዋሚዎቹ በዚህ ገጽ ላይ ያለው ፊርማ ከኑዛዜው ፊርማ ላይ የተገለበጠ ነው አሉ። የሒሳብ ሊቁ ቤንጃሚን ፒርስና ልጁ ቻርልስ ፒርስ ለምስክርነት ተጠሩ። እነርሱም የሟቿን 42 እውነተኛ ፊርማዎች ሰብስበው ሁለት ሁለቱን እያደራረቡ 861 ጊዜ አመሳከሩ። በእያንዳንዱ ፊርማ ውስጥ ወደ ታች የሚወርዱት ጭረቶች 30 ነበሩ። የአንዱ ጭረት ከሌላው ጋር የሚገጥመው በአማካይ ከ5 አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ክርክር በተነሣበት ፊርማ ግን 30ውም ጭረቶች ገጠሙ።

የፒርስ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፤ ፊርማው ሐሰት የሚመስለው ስላልተመሳሰለ ሳይሆን ከመጠን በላይ ስለ ተመሳሰለ ነው። ፍርድ ቤቱ በ1868 ነገሩን የወሰነው በሌላ የሕግ ምክንያት ቢሆንም፥ ትምህርቱ ለእኛ ይበቃናል። እውነተኛ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። «እንደ ፊተኛው አድርገው ይፈርሙ» የሚለው ትእዛዝ ለእውነተኛው ባለሒሳብ ከባድ፥ የፊተኛውን ፊርማ ፊቱ አድርጎ ለሚገለብጠው አስመሳይ ግን ቀላል ነው። የእጅ ተፈጥሯዊ መለዋወጥ ምን ያህል እንደ ሆነ ፒርስ ያወቁት 42 ናሙና ስለ ነበራቸው ነው። አንድ ናሙና ብቻ ያለው ጸሐፊ መለዋወጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር መታየት አለበት። በእነዚያ አገሮች የተጻፉት የፊርማ መመርመሪያ መጻሕፍት ቀስ ብሎ የተሳለ፥ የሚንቀጠቀጥ፥ ብዕሩም በየስፍራው የተነሣበት መስመር የአስመሳይ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያስተምራሉ። አልበርት ኦስቦርን በ1910 ባሳተመው መጽሐፉ የማታለል መንቀጥቀጥና የእርጅና ወይም የጽሕፈት አለመልመድ መንቀጥቀጥ የተለያዩ መሆናቸውን አስጠንቅቋል። ይህን ልዩነት ለማየት ግን የሁለቱንም ዓይነት እጅ አብዝቶ ማየት ያስፈልጋል። የፈጣን ጸሐፊዎችን ፊርማ ብቻ አይቶ ያደገ መርማሪ በጎማ ወረዳ በዘመቻ የተማረ ገበሬ የፈረመውን ቢያይ፥ እውነተኛውን ሰው በሐሰተኛነት ሊጠረጥረው ይችላል። የቀስታው መስመርና የብዕሩ መነሣት በእርሱ ዘንድ የማታለል ሳይሆን የትምህርቱ ምልክት ነው።

ኮምፒዩተር የሚማረው ከምንድር ነው?

ዛሬ ይህ የመርማሪነት ሥራ ለኮምፒዩተር እየተሰጠ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ጄን ብሮምሊና ባልደረቦቿ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ሁለት ፊርማዎችን ጎን ለጎን ተቀብሎ የአንድ ሰው መሆን አለመሆናቸውን የሚለይ «መንትያ» የተባለ ዘዴ አቀረቡ። ኮምፒዩተሩ ሕግ ተጽፎለት አይደለም የሚሠራው፤ ብዙ እውነተኛና ሐሰተኛ ፊርማ ይታየዋል፤ ከዚያም ልዩነቱን ራሱ ይማራል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ተማሪ መምህሩ ያላሳየውን አያውቅም።

ስሕተቱም በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ሐሰተኛውን ማመን ነው፤ በዚህ ጊዜ ገንዘቡ ይሰረቃል። ሁለተኛው እውነተኛውን መካድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ባለገንዘቡ ከገንዘቡ ይከለከላል። አንዱን ለመቀነስ ምርመራውን ብናጠብቅ ሁለተኛው ይበዛል፤ ብናላላው ደግሞ የፊተኛው ይበዛል። ሁለቱንም በአንድነት የሚቀንሰው የተሻለና የበዛ የመማሪያ ናሙና ነው።

ተመራማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው የናሙና ስብስቦች አንዱ በአሜሪካ ቡፋሎ የተዘጋጀው ሴዳር የሚባለው ሲሆን፥ በውስጡ የ55 ሰዎች ፊርማ አለ፤ ከእያንዳንዱ ሰው 24 እውነተኛና 24 ተመስሎ የተሠራ ፊርማ ተወስዷል። በህንድ የተዘጋጀ ሌላ ስብስብ ደግሞ የ100 ሰዎች የቤንጋልኛና የ160 ሰዎች የሂንዲ ፊርማ ይዟል። በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ አንድ ጥናት በእነዚህና በሌሎች ስብስቦች ላይ አንዱን እያስተማረ በሌላው ፈትኖ ነበር። ኮምፒዩተሩ በተማረበት ስብስብ ላይ ደኅና ሲሠራ፥ ባልተማረበት ላይ ሲፈተን ትክክለኛነቱ ዝቅ አለ። በአንዱ ፊደል የሠለጠነ ዓይን በሌላው ፊደል እንደሚደናገር ከዚህ እንረዳለን።

ሌላም ችግር አለ። ባንክ ከደንበኛው የሚያገኘው እውነተኛ ፊርማውን ብቻ ነው፤ ያንኑ ፊርማ አስመስሎ የሠራ ሰው ናሙናውን አምጥቶ አይሰጥም። ስለዚህ ሰዎች የሌላ ደንበኛን ፊርማ እንደ ሐሰተኛ ቈጥረው ኮምፒዩተሩን ሊያስተምሩት ይገደዳሉ። በዚህ መንገድ የተማረ ኮምፒዩተር የአንዱን ስም ከሌላው ስም መለየት ይችላል፤ ተለማምዶ የገለበጠውን አስመሳይ መለየት ግን ይከብደዋል። በዚህ ላይ ከእያንዳንዱ ሰው የተወሰደው ናሙና አንድ ብቻ ከሆነ፥ በካርዱ ጸሐፊ ላይ የደረሰው ችግር በኮምፒዩተሩም ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ጸሐፊው «እስቲ የሚያውቃቸው ሰው ይጠራ» ሊል መቻሉ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ቁጥር ሰጥቶ ዝም ይላል።

ለጅማ የሚሆነው

በአገራችን አዳዲስ ሕጎች ወጥተዋል። በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ታውጀዋል። በመታወቂያው ምዝገባ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምስል ይወሰዳል። ስለዚህ «ከእንግዲህ የእጅ ፊርማ ጉዳይ ምን ያስጨንቀናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሁለት መልስ አለን። በመጀመሪያ፥ የቀድሞው ውል፥ የብድር ወረቀትና የውርስ ሰነድ ሁሉ የተፈረመው በእጅ ነው፤ ክርክሩም ገና ለብዙ ዘመን ይቆያል። ሁለተኛም፥ አዲሱ ዘዴ ከአሮጌው ሕግ አያመልጥም። ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ሲሠራ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ይደክማል፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ጣት ብቻ ያየ መሣሪያ የቡና ለቃሚውን ጣት ሊስተው ይችላል። ጥያቄው ተመልሶ «አስቀድሞ የማንን አይቷል?» የሚለው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። 1ኛ፥ ፊርማ የሚያመሳክሩ መሥሪያ ቤቶች ከአንድ ሰው አንድ ሳይሆን ብዙ ናሙና፥ በልዩ ልዩ ቀን እንዲወስዱ፥ በየጊዜውም እንዲያድሱ። ገበሬው ለገንዘብ በመጣ ቁጥር ትክክለኛነቱ የተረጋገጠው ፊርማው ከናሙናው ቢጨመር ሥራው አይከብድም። 2ኛ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፥ በተለይም በጅማ ያሉት፥ ከባለፊርማዎቹ ፈቃድ እየተቀበሉ በግዕዝ፥ በቁቤና በዐረብኛ ፊደል የተፈረሙ ናሙናዎችን ቢሰበስቡ፤ የሽማግሌውን፥ የጎልማሳውን፥ በዘመቻ የተማረውንና ኮሌጅ የጨረሰውን በእኩል እንዲይዝ ሆኖ። የተሰበሰበው እንዳይሰረቅ በጥብቅ መጠበቅ ይገባዋል፤ የፊርማ ስብስብ ለተመራማሪ መማሪያ እንደሚሆን ሁሉ ለአስመሳይም መማሪያ ይሆናልና። 3ኛ፥ ኮምፒዩተሩ «አልተመሳሰለም» ባለ ጊዜ ነገሩ ወደ ሰው እንዲመለስ፤ ባለገንዘቡም በሌላ ማስረጃ ራሱን የሚያስረዳበት መንገድ እንዲኖረው።

ማጠቃለያ

በሂርማታ ገበያ ዋሱ ሰውን በብዙ ወራት ያውቀው ነበር። ማኅተም አንድ ጊዜ ታይቶ ይበቃ ነበር። ፊርማ ግን ከሰው እጅ የሚወጣ ነውና እንደ ሰውየው ያረጃል፥ ይማራል፥ ፊደል ይለውጣል። የእኛ ስሕተት ፊርማን እንደ ማኅተም ቈጥረን በአንድ ካርድ ማሰራችን ነው። ኮምፒዩተሩን በዚሁ ካርድና ከሩቅ አገር በመጣ ናሙና ብቻ ብናስተምረው፥ የቆየውን ስሕተት በፍጥነት የሚደግም ጸሐፊ እናገኛለን።

ሽማግሌው በዚያ ቀን ገንዘባቸውን ያገኙት ከተማይቱ ትንሽ ስለ ሆነች፥ ምስክሮቹም በቅርብ ስለ ተገኙ ነው። በሌላ ቀን ወይም በሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ለልጆቻቸው ደብተር፥ ለቤታቸው እህል ያሰቡትን ሳይዙ ይመለሱ ነበር። የጥናታችን ምክንያት ይህ ነው። ሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ ስላይደለ፥ መምህራንና ተማሪዎች ጓደኞቻችን የጎደለውን እንዲሞሉልን፥ የተሳሳትነውንም እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።